ለአንድ ፎቶ ሁለት ስለት

አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። በወጣትነቱ ከሰሜን ሸዋ ተመድቦ ሐዋሳ መጣ፣ እናቴን አገባ፣ ታቦር ሰፈር ቤት ሠራ፣ በዚያው ቀረ። ግማሹን የከተማ ሰው ያስተማረ ይመስለኛል። መሃል ከተማ አብሬው ከወረድኩ ሽንኩርት ገዝተን ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጅብናል፤ በየመንገዱ ሰላም የሚለው አይጠፋም። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና እሱ ነን አብረን የምንኖረው። በነገራችን ላይ አንተ ነው የምለው። የጎረቤት ልጆች አባታቸውን አንቱ እያሉ ነው ያደጉት፤ እኛን ግን ራሱ «አንቱ ስትሉኝ የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል» ብሎ ከለከለን።

ልጆች ሆነን መብራት በጠፋ ቁጥር እኔንና ወንድሜን ሰብስቦ የሚያጫውተን ስለ ጥንት ዘመዶቻችን ነበር። በቅሎ ነጋዴ ስለነበሩት፣ በእግራቸው ኢየሩሳሌም ደርሰው ስለተመለሱት፣ የየቤቱን በቅሎ በኮቴዋ ድምፅ ስለሚለዩት ዐይነ ስውር። እኔ ዐይነ ስውሩን ነበር የምወደው። ወንድሜ እሳቸውን ልምሰል ብሎ ዐይኑን ጨፍኖ እኔን በኮቴዬ ሊከተለኝ ሲሞክር ከበሩ ጋር ተላትሞ ግንባሩ እንዴት እንዳበጠ እስካሁን እያነሳሁ አበሽቀዋለሁ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ግን ልብ ብዬ ሰምቼ አላውቅም። አባዬ ያውቀው የለ፣ እኔ ምን አስጨነቀኝ?

አስጨነቀኝ እንጂ! ላግባ ስል።

እኔ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በመጨረሻው ሰዓት ይዞ ይመጣና «እህቴ፣ በናትሽ፣ ዛሬ ካልደረሰ አለቀልኝ» ይላል፤ እኔም ተቆጥቼ ተቆጥቼ እሠራለታለሁ። ቁጡ ነኝ፣ ደንበኞቼ ሁሉ ያውቃሉ። እጮኛዬንም ያገኘሁት ተቆጥቼው ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። አንድ ቀን ሰልፉን አልፎ ቀጥታ ወደ እኔ ሲመጣ «መምህር ስለሆንክ ነው? ና ተመለስ!» ብዬ ጮህኩበት። በማግስቱ መጥቶ ሰልፍ ይዞ ቆመ። ተራው ደርሶ ምን ላድርግልህ ስለው እጁ ባዶ ነው። «ምንም፤ ሰልፍ መያዝ እንደምችል እንድታዪልኝ ነው» አለኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

ባለፈው ዓመት ከፍልሰታ ጾም በፊት ሽማግሌ ላከ። አጎቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡና ሳሎናችን ተቀመጡ። እኔ እንደ ደንቡ ጓዳ ነኝ፣ ጆሮዬ ግን ሳሎን ነው። አባዬ «ልጃችሁን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ነው። ቤት እንቁጠርና እንጨርስ» ሲል ሰምቼ ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ።

ቤት መቆጠር አለበት። በእኛ ወግ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ይቆጠራል። የጋራ ቅድመ አያት ከተገኘ በሁለቱም በኩል ከሰባት ቤት ማለፍ አለበት። ካላለፈ ዘመዳሞች ናችሁ፣ ጋብቻ የለም። የእጮኛዬ አጎት ከእሱ ተነስተው ቆጠሩ፣ ቆጠሩና አምስተኛው ቤት ላይ ማር በመሸጥ የታወቁ አንዲት ሴት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ከዚህ በላይ እኔ አላውቅም። የሚያውቁት የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ገጠር ናቸው፣ ክረምቱን አይወጡም» አሉ።

ከዚያ የአባዬ ድምፅ ተሰማ፤ እንዲያ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም። «ማር ሻጯን እኔ አውቃቸዋለሁ። የበቅሎ ነጋዴው ልጅ ናቸው» አለ።

በቅሎ ነጋዴው የእኛም ቅድመ አያት ናቸው፤ እኛ ከሌላው ልጃቸው ነን። ከእኔ እስከ እሳቸው ስምንት ቤት ነው፤ በእኛ በኩል ችግር የለም። በእጮኛዬ በኩል ግን ስድስት ላይ ቀረ። ወይ ጉድ! ልብስ ላሰፋ ጨርቅ መርጬ የጨረስኩት ልጅ የሰውዬው ዘመድ ሆኜ አረፍኩት። አባዬ ሽማግሌዎቹን እምቢም እሺም አላላቸውም፤ ከመስቀል በኋላ ታላቁን አጎት ይዛችሁ ኑ ብሎ ቀጠራቸው። አዛውንቱ በስልክ እንዳይጠየቁ ጆሯቸው ከብዷል፤ «ሀሎ» ብለው ሳይሰሙ ይዘጉታል አሉ። እጮኛዬን ሳገኘው የምናገረው ጠፋኝ። እሱ ግን «እጠብቃለሁ። ሰልፍ ላይ እንዴት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ» አለኝ። ሳቅሁም አለቀስኩም።

ወንድሜ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል፤ ነገር ሁሉ ተፈትቶ የሚገጠም ነው የሚመስለው። «አባዬ ዘንግቶ ነው» አለኝ። «የሚረሳ ሰው የቆጠረው ቤት ምን ዋጋ አለው?» ተናደድኩበት። የተናደድኩት ግን ውሸት ስለሆነ አልነበረም። አባዬ ከአንድ ዓመት ወዲህ ስኳር ገዝቶ ይመጣል፣ ጥቂት ቆይቶ ስኳር ሊገዛ ይወጣል። ባጃጅ ውስጥ ይገባና «ወዴት ነው?» ሲሉት ዝም ይላል። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በአንድ እግሩ የራሱን፣ በአንድ እግሩ የሰው ጫማ አድርጎ መጣ። ስቄ ስቄ ሞትኩ፤ ያ ሌላ ምስኪን ሰውዬ ምን አድርጎ ይሆን እያልኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ሳቄ ጠፋ።

እንግዲህ ሐኪም ዘንድ ልወስደው ቆረጥኩ። ይጣላኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሐኪም ቤት ማለት ለእሱ ጡረታ የወጣ ጓደኛ የሚጠየቅበት ቦታ ነው። እሱ ግን «መቼ? ነገ?» አለኝ፣ ጫማውን ሊያደርግ እየተነሳ። ጥድፊያው ገረመኝ።

የነርቭ ሐኪሙ ሦስት ቃል ነገረውና ሌላ ሌላውን አውርቶ ቆይቶ «እስኪ ቅድም ያልኩዎትን ይንገሩኝ» አለው። አባዬ «ብርቱካን» አለ፤ ሌሎቹ ሁለቱ የሉም። በፋንታቸው አባዬ የዶክተሩን የትውልድ አገር ጠይቆ በዚያ የሚያልፉትን ወንዞች ከምንጫቸው እስከ መጨረሻቸው ዘረዘረለት። ዶክተሩ ሳቀ፣ ሲጽፍ ግን አልሳቀም። ጭንቅላቱ በኤምአርአይ ይታይ ብሎ አዘዘ።

ኤምአርአይ ክፍል በር ላይ አንዲት ባለሙያ ሰዓቱን፣ ቀበቶውን፣ ሳንቲሙን ተቀበለችው። አንገቱ ላይ ስትደርስ አባዬ ወደ ኋላ አለ። ማተቡ ሲታሰርለት ገና ሕፃን ነበር፤ ፈትቶት አያውቅም። «አባባ፣ ክሩ ይሁን፤ የብር መስቀሉ ብቻ ነው የማይገባው» አለችው። መስቀሉን አውጥቶ ሳመውና እጄ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለና «ልጄ፣ በደንብ ፈልጊ። ጎዶሎ ካለ እንዳታልፊው፣ አደራሽን» አላት።

«ኧረ አባባ! ሰው ሁሉ ምንም አይገኝብኝ ብሎ ነው የሚገባው» አለችው።

«እኔ እንደ ሰው ሁሉ አይደለሁም» አለ፣ ገባ። ቀልዱን ነው ብዬ አለፍኩት።

ማሽኑ ማንኳኳት ሲጀምር ኮሪደሩ ላይ መስቀሉን ጨብጬ ቆምኩና ለደብራችን ታቦት ተሳልኩ። ፎቶው ንጹሕ ከሆነ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። ቆይ፣ ሞኝ አይደለሁም፤ የምለምነውን አውቀው ነበር። ፎቶው ንጹሕ ከሆነ ቆጠራውም ትክክል ነው፣ ሠርግ የለም ማለት ነው። እጮኛዬን እወደዋለሁ። ግን አባዬ አንድ ቀን ቀና ብሎ «አንቺ የማን ነሽ?» ሲለኝ ታየኝና ጃንጥላውን ወርቀ ዘቦ አደረግሁት።

አባዬ ሲወጣ «ወፍጮ ቤት ተኝቼ ወጣሁ በይው፤ ዱቄቱ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

ውጤቱን ልንሰማ የሄድን ዕለት ዝናብ ነበር። ዶክተሩ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። የአባዬ ጭንቅላት እንደተገመሰ ጥቅል ጎመን ወለል ብሎ ታየ። እኔ ሥራዬ ወረቀት ነው፤ የደበዘዘ ቦታ ቶሎ ነው የሚታየኝ። እዚያ ላይ ግን የቱ መደብዘዝ እንዳለበት፣ የቱ እንደሌለበት በምን ልወቅ? ዶክተሩ በእርሳሱ እያመለከተ በቀስታ አስረዳን። መሐል ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ውኃ ነው፣ ሁላችንም አለን፤ የአባዬ ሰፋ ብሏል፣ ዙሪያው ያለው የጭንቅላት ሥጋ ስለሳሳ። ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ደም ግፊቱ ለብዙ ዓመት ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ሲጎዳ የተወው ምልክት ነው። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ያለች ጣት የምታክል ቦታ ላይ አቆመ። «ይህቺ አዲስ ነገር የምትይዝልን ናት። እርስዎ ዘንድ በግራም በቀኝም ከዕድሜዎ ከሚጠበቀው በላይ ቀጥናለች» አለ። «ፎቶ ብቻውን አይፈርድም። ከፈተናውና ልጅዎ ከነገረችን ጋር ስናየው ግን የመርሳት በሽታ ጅማሬ ነው የሚመስለው።»

ጃንጥላዬ እዚያው ታጠፈ። ዐይኔ እንባ ሞላ፤ ዘወር ስል አባዬ ወደ ፎቶው ተጠግቶ ያፈጣል።

«ዶክተር፣ ሰባት ቤት የት ጋ ነው የሚቀመጠው?» አለ።

ዶክተሩ እኔን አየኝ። አስረዳሁት። ትንሽ ፈገግ አለና «እሱ ፎቶ ላይ አይታይም፣ አባባ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው አዲሱ ነው፤ የቆየው ነገር ይዘገያል» አለው።

«ታዲያ የድሮው ደህና ነው ማለት ነው?»

«ደህና ሊሆን ይችላል። የተሳተ ነገርም ሊኖርበት ይችላል። ያንን ፎቶው አይነግረንም።»

የአባዬ ፊት ጥቁር አለ። ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ግፊቱ ክትትል፣ በእግር ስለ መሄድ፣ ከሰው ጋር ስለ መጫወት የተባለውን ሁሉ እኔ ነኝ የሰማሁት፤ እሱ አልሰማም።

ባጃጅ ውስጥ ገብተን ሸራው ተለቀቀልን። ዝናቡ ይወርዳል። ትንሽ እንደሄድን አላስችለኝ አለ። «አባዬ፣ ሕመሙን ሲነግርህ ዝም ብለህ፣ የድሮው አይጠፋም ሲልህ የምትከፋው ለምንድነው? ምን ነካህ?» አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ተስዬ ነበራ!» አለ፣ እሱም ጮክ ብሎ። «ጭንቅላቴ ጎድሎ ከተገኘ ለደብሩ ሞላ ያለ ጧፍ አስገባለሁ ብዬ። ካልጎደለ ቆጠራዬ ይጸናል። ቆጠራዬ ከጸና አንቺ ቀረሽ። የገዛ አፌ ልጄን ከሠርጓ አስቀርቶ እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልኑር?»

ከዚያ እኔም የራሴን ነገርኩት፤ ታቦቱ ያው፣ ደብሩ ያው፣ ልመናው ግን የተገላቢጦሽ። አባዬ መጀመሪያ ተቆጣ፤ «ማን በእኔ ጤና ተሳዪ አለሽ?» አለ። «አንተንስ በእኔ ባል ማን ተሳል አለህ?» አልኩት። ባለባጃጁ ፀጉሩ ሸበት ያለ ሰው ነው፤ ለካ ሁሉን ይሰማል። ፍሬን ያዘና ወደ ኋላ ዞሮ «ኧረ እናንተ ሰዎች! እሱ የማንኛችሁን ይስማ? ግራ አጋባችሁት እኮ!» አለን።

ያን ጊዜ ነው የሳቅነው። አባዬ ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ እስኪያስለው ሳቀ፤ እኔ እየሳቅሁ እንባዬ ይወርዳል። «ግማሽ ግማሽ ሰማን እኮ» አለኝ። «ፎቶው ጎደለ፣ ቆጠራው እንዳለ ቀረ።»

ወንድሜ ወሬውን ሲሰማ ነገሩ ያለቀለት መሰለው። «ፎቶውን ለሽማግሌዎቹ አሳዩዋቸዋ! ዶክተር መስክሮ የለ? ቆጠራው ፈረሰ በቃ» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንድታገባ የሚፈልጋት እህቱ ነኝ። እኔ ግን ነደድኩ። አባዬን ከተማው የሚያውቀው በማስታወሱ ነው። ሽማግሌ ፊት ጭንቅላቱ በብርሃን ተይዞ «ይኸው፣ ይኼ ሰው አያስታውስም» ሊባል? «በአባቴ ውርደት የሚገኝ ባል በአፍንጫዬ ይውጣ!» አልኩት። እጮኛዬም ሲሰማ «ልክ ነሽ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ፎቶውን ከነፖስታው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወርውሬ ነገሩን ዘጋሁት።

መስቀል አለፈ። በቀጠሮው ቀን አጎትየው ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ፤ መሐላቸው አንድ ቀጭን አዛውንት ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው። ታላቁ አጎት ናቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። አባዬ ከመኝታ ቤቱ ወጣ፣ እንግዶቹን እጅ ነሳና ተቀመጠ። ጋቢው ስር ደግሞ ትልቅ ነጭ ፖስታ ይዟል። ያ ቁም ሳጥን ላይ የወረወርኩት ነው። ራሱ አውርዶታል። ከአባዬ ጎን የተቀመጠውን ወንድሜን አየሁት፤ እሱም ደንግጧል፤ አባዬ ለእሱም አልነገረውም ነበር።

ሮጬ ገብቼ ልነጥቀው ፈለግሁ። ሙሽራ የምትሆን ልጅ ሽማግሌ ፊት ገብታ አባቷን ስትታገል ታየኝና መጋረጃውን በጥርሴ ያዝኩት።

«ከመቁጠራችን በፊት እኔ የማሳያችሁ ነገር አለኝ» አለ አባዬ፣ ፖስታውን እያወጣ።

ታላቁ አጎት አልሰሙትም። ጆሯቸው ከብዷል ብያለሁ። እሳቸው ጊዜ አልፈጁም፤ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው መቁጠር ጀመሩ። ድምፃቸው ደግሞ ቤቱን ይሞላል። ከእጮኛዬ ተነሱ፣ አባቱን አሉ፣ «እናቱ ታናሽ እኅቴ» አሉ፣ «የእኔና የእሷ አባት» አሉ፣ ማር ሻጯ ላይ ደረሱ። «አያቴ ናቸው፤ ማራቸውን በልቻለሁ። የእሳቸው አባት ደግሞ ዐይነ ስውሩ...»

ፖስታው ከአባዬ እጅ ወደቀ።

«የቱ ዐይነ ስውር?» አለ። አልሰሙትም። ብድግ አለና ጆሯቸው ስር ጮኸ። «በቅሎ በኮቴዋ የሚለዩት?»

«እሳቸው!» አሉ አዛውንቱ። «አባታቸው ኢየሩሳሌም የደረሱት ናቸው። የእሳቸው አባት በቅሎ ነጋዴው።»

አባዬ በጣቱ ቆጠረ። እኔም መጋረጃው ኋላ በጣቴ እቆጥራለሁ። ማር ሻጯ አምስት፣ ዐይነ ስውሩ ስድስት፣ ኢየሩሳሌም የደረሱት ሰባት፣ በቅሎ ነጋዴው ስምንት። እነዚያ መብራት ሲጠፋ አባዬ ታሪካቸውን የሚያጫውተን ሰዎች፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ሰውዬ! አባዬ አባትና ልጁን ዘሏቸው ነበር።

«ረስቻቸው ነው!» አለ አባዬ። መጀመሪያ በቀስታ ነው ያለው። ከዚያ ቤቱ እስኪነቃነቅ። «ረስቼ ነው! ልጄ! ጓዳ ነሽ? ሰማሽ ወይ? ረስቼ ነው እኮ!» ሽማግሌ ፊት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው። ሰው በመርሳቱ እንዲህ ሲፈነድቅ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ፣ ኋላ ሁሉም ሳቁ። ደንቡ ምን ይላል ሳልል መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሐዘኔንም እንዲሁ። ያ ሁሉ ቤት የነበረው ሰው ሁለት ቤት ጎድሎበታል፤ ፎቶው አልዋሸም።

ፖስታውን ማንም አልከፈተውም። ወንድሜ በእግሩ ገፍቶ ሶፋው ስር አስገባው።

ተጋባን። ስለቱንም አብረን አስገባን፤ አባዬ ጧፉን፣ እኔ ጃንጥላውን። «ያንቺ እኮ አልሰመረም፤ ምን ብለሽ ነው የምትሰጪው?» አለኝ። «ዝም በልና ያዝልኝ» አልኩት።

አሁን ሦስታችን አብረን ነን። አባዬ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ጠዋት ጠዋት ከባሌ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር በእግሩ ይወርዳል። ደህና ቀን አለ፣ ደህና ያልሆነ ቀን አለ። ቤት የምቆጥረው እኔ ሆኛለሁ፤ ሁሉንም አጥንቼ ይዣቸዋለሁ፣ አንድም አልዘልም። እሱ ዐይነ ስውሩ ጋ ሲደርስ ይቆምና ዐይን ዐይኔን ያየኛል፣ እኔ እሞላለታለሁ።

አንዳንዴ ምሳ ላይ ባሌን አየት ያደርግና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ይለኛል። «አንቺ፣ ከዚህ ልጅ ጋር እኮ ዘመዳሞች ናችሁ። ስድስት ቤት ነው።» ፊቱ ላይ ያ የድሮው ጭንቀት ይመጣል።

«ስምንት ነው አባዬ። ረስተህ ነው» እለዋለሁ።

«በሞቴ? ረስቼ ነው?»

«ረስተህ ነው።»

«ተመስገን!» ይላል፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ፊቱ በርቶ፣ ከሳህኑ አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ ለባሌ ያጎርሰዋል።